ሴል ዲኤንኤውን ሲገለብጥ እንዴት ይታያል? ስለ ክሊክ ኬሚስትሪና ስለተቀየሩ ፊደላት

አንድ ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ሙሉ በሙሉ ይገለብጣል። የሰው ሴል ከሆነ ይህ ወደ 6 ቢሊዮን ጥንድ ፊደላት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ በሚያድጉ የሰው ሴሎች ሥራው 8 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ግልባጭ ከአሮጌው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። የቱ ዛሬ እንደተጻፈ፣ የቱ ድሮ እንደነበረ በማይክሮስኮፕ አይታይም።

ታዲያ አንድ ተመራማሪ "ይህ የካንሰር መድኃኒት ሴሎቹ እንዳይባዙ አደረገ ወይስ አላደረገም?" ብሎ ሲጠይቅ ምን ያደርጋል? መልሱን ለማግኘት አዲስ የተጻፈውን ብቻ ለይቶ ምልክት ማድረግ አለበት።

በፈረንጆቹ 2022 የኬሚስትሪ ኖቤል ለካሮሊን ቤርቶዚ፣ ለሞርተን ሜልዳልና ለባሪ ሻርፕለስ ሲሰጥ ስለ ሰዎቹ ብዙ ተወራ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ክሊክ ኬሚስትሪ የተባለው፣ ሞለኪውሎችን በቀላሉ የሚያያይዘው ሥራቸው ምን ላይ እንደሚውል ግን በደንብ የተነገረ አይመስለኝም። ዲኤንኤን ምልክት ማድረግ አንዱና ለመረዳትም ቀላሉ አገልግሎቱ ስለሆነ፣ በእሱ በኩል እንግባ።

ኑክሊዮታይድ ምንድን ነው?

ዲኤንኤ ረጅም ሰንሰለት ነው። የሰንሰለቱ እያንዳንዱ ቀለበት ኑክሊዮታይድ ይባላል። ሦስት ክፍል አለው። ስኳር፣ ፎስፌትና ቤዝ። ስኳሩና ፎስፌቱ የሰንሰለቱ አከርካሪ ናቸው። "ፊደል" የምንለው ቤዙን ነው። አራት ዓይነት አለ። ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ። ኤ ሁልጊዜ ከቲ ጋር፣ ጂ ደግሞ ከሲ ጋር ትጣመራለች።

ከአራቱ ለእኛ የምትጠቅመው ቲ ናት። ሙሉ ስሟ ታይሚን። ቲ በዲኤንኤ ውስጥ እንጂ በዘመዱ በአርኤንኤ ውስጥ አትገኝም ማለት ይቻላል፤ አርኤንኤ በእሷ ቦታ ዩራሲልን ይጠቀማል። ስለዚህ ቲን ምልክት ያደረገ ሰው አርኤንኤን ሳይነካ ዲኤንኤን ብቻ ለየ ማለት ነው።

አንድ ቃል ልጨምርና ልለፍ። ፎስፌቱ የሌለው ኑክሊዮታይድ ኑክሊዮሳይድ ይባላል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በኋላ ያስፈልገናል። ፎስፌት ኤሌክትሪካዊ ቻርጅ ስላለው በሴሉ ሽፋን በኩል እንደልቡ አያልፍም። ሕያው ሴል ውስጥ የተቀየረ ፊደል ማስገባት የፈለገ ሰው ፎስፌት የሌለውን ይሰጣል። ፎስፌቱን ሴሉ ራሱ ይጨምርበታል።

ፊደሏን በቀጥታ ቀለም ቀብቶ መስጠት አይቻልም?

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ የሚያበራ ቀለም ቲ ላይ አጣብቀህ ለሴሉ ስጠው፤ እሱ ይጽፍበታል፣ አንተ ታየዋለህ።

ሐሳቡ የሚሰናከለው በመጠን ነው። የሚያበሩ ቀለሞች ከፊደሏ ራሷ ይገዝፋሉ። ብዙዎቹ ወደ ሴሉ ለመግባት ይቸገራሉ። ቢገቡም ዲኤንኤን የሚገለብጠው ኢንዛይም፣ ማለትም ፖሊሜሬዝ፣ እንዲህ ያለ ሸክም ያላትን ፊደል አይቀበልም ወይም ተቀብሎ ይንገዳገዳል። ፖሊሜሬዝ ስህተት እንዳይሠራ ተብሎ የተሠራ ኢንዛይም ነው። መራጭ ነው።

ስለዚህ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። በመጀመሪያ ሴሉ የማይጠረጥረው በጣም ትንሽ መያዣ ያላት ፊደል ይሰጠዋል። ሴሉ እንደ ቲ ቆጥሮ ይጽፋታል። ትልቁ ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጥቶም መያዣዋን ብቻ ፈልጎ ይያያዛል። የዘዴው ብልኀት በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ቀሪው "መያዣው ምን ይሁን? የት ይቀመጥ?" የሚለው ነው።

ከዚህ በፊትስ እንዴት ይሠራ ነበር?

በ1957 ኸርበርት ቴይለርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አንድ የሚያምር ሙከራ ሠሩ። የተጠቀሙት ባቄላ ነው። አዎ፣ እኛ የምናውቀው ባቄላ። ሥሩን ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ያለው ታይሚዲን ውስጥ ነከሩት። ታይሚዲን ማለት ቲ ከነስኳሯ ናት። በማደግ ላይ ያለው የሥሩ ጫፍ ይህንን ታይሚዲን ለዲኤንኤው ተጠቀመበት። ከዚያ ሴሎቹን በፎቶ ፊልም ሸፍነው ጨለማ ውስጥ አስቀመጡ። ጨረሩ ፊልሙ ላይ ጥቁር ነጥቦች ተወ። እያንዳንዱ አዲስ ክሮሞሶም ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ዲኤንኤ እንደሆነ በዚህ አዩ።

ዘዴው ታማኝ ነበር። ፊደሏ የምትለየው በክብደቷና በጨረሯ ብቻ ስለሆነ ሴሉ ምንም ለውጥ አያይባትም። ግን ፊልሙ እስኪታጠብ ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው። በዚያ ላይ ራዲዮአክቲቭ ነገር መያዝ፣ ማስቀመጥ፣ መጣል የራሱ ጣጣ አለው።

ቀጥሎ የመጣው ቢአርዲዩ ነው። እዚህ ቲ ላይ ያለችው ሜቲል የምትባል ትንሽ ቅንጣት ተነሥታ ብሮሚን ትተካለች። ሁለቱ በመጠን ይቀራረባሉ፤ ሴሉም ይታለላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብሮሚኗን የሚለይ አንቲቦዲ ከተሠራ በኋላ ዘዴው ዓለምን አዳረሰ። በ1998 የታተመው ታዋቂ ጥናት፣ በአዋቂ ሰው አንጎል ሂፖካምፐስ ውስጥ አዳዲስ ነርቮች እንደሚወለዱ ያመለከተው፣ የቆመው በቢአርዲዩ ላይ ነው። ለካንሰር ምርመራ ቢአርዲዩ ተሰጥቷቸው የነበሩ ሕሙማን ካረፉ በኋላ የአንጎላቸው ናሙና ተመርምሮ ነው የተገኘው።

የቢአርዲዩ ችግር አንቲቦዲው ነው። አንቲቦዲ ግዙፍ ፕሮቲን ነው፤ ከአንድ የቀለም ሞለኪውል ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ከ100 እጥፍ በላይ ይሆናል። ብሮሚኗ ደግሞ ድርብ በሆነው ዲኤንኤ ውስጥ ተሸሽጋለች። አንቲቦዲው እንዲደርስባት ዲኤንኤው በጠንካራ አሲድ ወይም በሙቀት መተርተር አለበት። ይህን ያህል የተሠቃየ ናሙና ላይ ሌላ ፕሮቲን አብሮ ማየት ከባድ ነው። ብዙ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዚህ አሲድ ናሙናውን አበላሽቷል ብል አልተሳሳትኩም።

"ክሊክ" የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

ሻርፕለስና ባልደረቦቻቸው በ2001 አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። የኬሚስትሪ ሥራ አጉል ተወሳስቧል የሚል መንፈስ ያለው ነው። ሁለት ነገሮችን ለማያያዝ ፈጣን፣ ንጹሕ፣ ውሃ ውስጥም የሚሠራ፣ ተረፈ ምርት የማያበዛ ጥቂት ሪአክሽን ይበቃናል አሉ። ለዚህ ዓይነቱ ነው "ክሊክ ኬሚስትሪ" የሚለውን ስም የሰጡት።

የመኪና ቀበቶን አስቡ። ምላሱን ዘለበቱ ውስጥ ሲያስገቡት ቀጭ ይላል፤ አለቀ። ምላሱ ከልብስዎ ቁልፍም፣ ከቦርሳዎ ማንጠልጠያም አይያያዝም። በዙሪያው ስንት ነገር ቢኖር የሚያውቀው የራሱን ዘለበት ብቻ ነው።

በኬሚስትሪው ምላሱና ዘለበቱ አዛይድና አልካይን ይባላሉ። አዛይድ በተርታ የተያያዙ ሦስት ናይትሮጅኖች ነው። አልካይን በሦስት ማሰሪያ ጥብቅ ብለው የተያዙ ሁለት ካርቦኖች ነው። ሲገናኙ ሦስቱ ናይትሮጅንና ሁለቱ ካርቦን አምስት ማዕዘን ያለው ቀለበት ይሠራሉ። ትራያዞል ይባላል። በጣም ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ አይፈታም።

ሁለቱ እንደሚገናኙ ድሮም ይታወቅ ነበር። ጀርመናዊው ሮልፍ ሁይስገን በ1960ዎቹ በሰፊው አጥንተውታል። ግን ሙቀት ይፈልጋል፣ ይዘገያል፣ ውጤቱም የሁለት ዓይነት ሞለኪውል ድብልቅ ነው። ነገሩን የለወጠው መዳብ ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ ሜልዳል ሌላ ሪአክሽን ሲሠሩ አልካይኑ ካሰቡት ነገር ጋር መያያዝ ትቶ ከአዛይዱ ጋር ተያይዞ አገኙት። የሻርፕለስ ቡድንም በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ። ሁለቱም በ2002 አሳተሙ። መዳብ ሲኖር ሪአክሽኑ ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ይፈጥናል፣ በክፍል ሙቀት ይሄዳል፣ ውጤቱም አንድ ዓይነት ብቻ ይሆናል።

ለሥነ ሕይወት የሚጠቅመው ሌላው ነገር የእንስሳ ሴል በተፈጥሮው አዛይድም አልካይንም የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ተሳስቶ የሚይዘው ነገር የለም። (አልካይን ለሰውነት ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት ግን አይደለም። በብዙ የእርግዝና መከላከያ ክኒኖች ውስጥ ያለው ኢቲኒል ኢስትራዲዮል አልካይን አለው።)

ታዲያ ዲኤንኤው ውስጥ እንዴት ይገባል?

በ2008 በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት አድሪያን ሳሊክና ቲሞቲ ሚቺሰን ኢዲዩ የሚባለውን ፊደል ለዚህ ሥራ አዋሉት። ኢዲዩ ታይሚዲንን በጣም ይመስላል። የሜቲሏ ቦታ ላይ ትንሿ አልካይን ተቀምጣለች። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ቲ ከኤ ጋር የምትጣመረው በአንድ ጎኗ ነው። ሜቲሏ ያለችው በሌላው ጎን ሲሆን፣ ዲኤንኤው ሲጠመዘዝ ወደ ውጭ ወደሚታየው ሰፊ ቦይ ትዞራለች። እዚያ ላይ ያለ ትንሽ ነገር ጥምረቱን አይረብሽም። ከውጭ ለሚመጣውም ክፍት ነው። ዲኤንኤውን መተርተር ያላስፈለገው ለዚህ ነው።

ቦታ ሲቀየር ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ኤዜድቲን ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን። ዚዶቩዲንም ይባላል፤ በ1987 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀ የመጀመሪያው የኤችአይቪ መድኃኒት ነው። ኤዜድቲ ማለት አዛይድ ያለው ታይሚዲን ነው! ያው አዛይድ፣ ያው ፊደል። አዛይዱ ያለው ግን ቤዙ ላይ ሳይሆን ስኳሩ ላይ ነው፤ ያውም ቀጣዩ ፊደል ሊያያዝበት በሚገባው ቦታ። ቫይረሱ ይህችን ፊደል ከጻፈ በኋላ ሌላ መጨመር አይችልም። ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል። በአንዱ ቦታ ላይ ያለ መያዣ ሴሉ ሳያውቀው ያልፋል፤ በሌላው ቦታ ላይ ያለው ጽሕፈቱን ያቆማል። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ሥራው በተግባር ምን ይመስላል?

ሴሎቹ በሚያድጉበት ፈሳሽ ላይ ኢዲዩ ይጨመራል። ለአጭር ጊዜ ይተዋል፤ አንድ ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ታይሚዲን ካይኔዝ የሚባል የሴሉ ኢንዛይም ፎስፌት ይጨምርበታል፣ ሌሎች ኢንዛይሞች ይከተላሉ፣ ፖሊሜሬዝ ከኤ ትይዩ ይጽፈዋል። በዚያ ሰዓት ዲኤንኤውን ያልገለበጠ ሴል ግን ምንም አይወስድም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሴሎቹ በፎርማልዲሃይድ ይገደሉና ባሉበት እንዲረጉ ይደረጋል፤ ሽፋናቸውም ይበሳል። ቀጥሎ ድብልቁ ይመጣል። አዛይድ የተያያዘበት ቀለም፣ ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌትና ቫይታሚን ሲ። ቫይታሚን ሲ እዚህ ምን ይሠራል? ለክሊክ የሚያስፈልገው መዳብ ሰልፌቱ ላይ ያለው ዓይነት አይደለም፤ አንድ ኤሌክትሮን የተጨመረለት ነው። ያንን ኤሌክትሮን የምትሰጠው ቫይታሚን ሲ ናት።

ግማሽ ሰዓት ገደማ በቂ ነው። ከታጠበ በኋላ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ በኢዲዩ ጊዜ ዲኤንኤ የገለበጡት ሴሎች ኒውክለሳቸው ያበራል። የቀሩት ጨለማ ናቸው። ወይም ሴሎቹን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት የሚያሳልፍ ማሽን በደቂቃዎች ውስጥ በሺዎች ይቆጥራቸዋል። ጎን ለጎን ኢዲዩ ያልተሰጠው ናሙና በዚያው ቀለም መታየት አለበት። እሱም ካበራ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

የካንሰር መድኃኒት ጥያቄያችን መልስ የሚያገኘው እዚህ ነው። መድኃኒቱ ያልተሰጣቸው ሴሎች በብዛት አብርተው የተሰጣቸው ካላበሩ፣ መድኃኒቱ ግልበጣውን አቁሟል። በዚሁ መንገድ የአንጀት ሽፋን ሴሎች በምን ፍጥነት እንደሚታደሱ፣ በአይጥ አንጎል ውስጥ አዳዲስ ሴሎች የት እንደሚወለዱ ይጠናል። ከቀለም ይልቅ ባዮቲን የሚባለውን ቪታሚን ካያያዝን ደግሞ አዲሱን ዲኤንኤ ከነፕሮቲኖቹ አጥምዶ ማውጣት ይቻላል።

መዳቡ ሴሉን አይጎዳም?

ይጎዳል። መዳብ ከቫይታሚን ሲ ጋር ሲሆን ዲኤንኤን የሚበጣጥሱ ኃይለኛ የኦክስጅን ቅንጣቶችን ያመነጫል። ከላይ ያለው ሥራ የሚሠራው በሞቱ ሴሎች ላይ የሆነው ለዚህ ነው። እዚያም ቢሆን መዳቡን አቅፈው ጉዳቱን የሚቀንሱ ረዳት ሞለኪውሎች አሉ።

ሕያው ሴል ላይ መሥራት የፈለጉት ቤርቶዚ ናቸው። ጥያቄያቸው ዲኤንኤ አልነበረም፤ በሴል ሽፋን ላይ ያሉትን ስኳሮች ማየት ፈልገው ነው። በ2004 ያለ መዳብ የሚሠራ መንገድ አሳዩ። አልካይኑን ስምንት ካርቦን ባለው ቀለበት ውስጥ አስገደዱት። አልካይን ቀጥ ማለት የሚወድ ነገር ነው፤ ቀለበቱ ያጎብጠዋል። ከዚህ ጭንቀት ለመውጣት አዛይድ ሲያገኝ ያለ መዳብ ይያያዛል።

ይህ ለዲኤንኤ የራሱ እንቅፋት አለው። የጎበጠው ቀለበት ትልቅ ስለሆነ ፊደሏ ላይ ቢቀመጥ ሴሉ ይጠረጥራል። ስለዚህ አዛይዱ ፊደሏ ላይ፣ ቀለበቱ ቀለሙ ላይ ይሆናል። ዙሪክ ውስጥ የናታን ሉድትኬ ቡድን በ2014 አዛይድ ያላት እንዲህ ያለች ፊደል አቅርቧል።

ከሴል ውጭስ ያገለግላል?

እንዴታ። በቱቦ ውስጥ የሴል ሽፋን ስለሌለ ፎስፌት ያላቸውን ኑክሊዮታይዶች በቀጥታ መጠቀም ይቻላል። ኮቪድ ስሙን ያስለመደን ፒሲአር (ዲኤንኤን በቱቦ ውስጥ የማባዛት ዘዴ) አልካይን ባላቸው ፊደላት ሊሠራ ይችላል። የሚመጣው ዲኤንኤ ላይ በፈለጉት ሰዓት የፈለጉትን ያያይዙበታል፤ ዛሬ አረንጓዴ ቀለም፣ ነገ ሌላ።

የሚሞቱ ሴሎችን መለየትም ይቻላል። ሴል ራሱን ሲያጠፋ ዲኤንኤው ይቆራረጣል። የተቆረጡት ጫፎች ላይ ፊደል የሚቀጥል ኢንዛይም አለ። አልካይን ያላትን ፊደል ከሰጡት ጫፎቹ ላይ ይጨምራታል፤ ቀለሙ ይከተላል።

ይበልጥ የሚገርመው በ2011 የታተመው ነው። ግብፃዊቷ ኬሚስት አፋፍ ኤል-ሳጊር፣ ቶም ብራውንና ባልደረቦቻቸው ሁለት የዲኤንኤ ቁራጮችን በክሊክ ቀጠሉ። መገጣጠሚያው ላይ የተፈጥሮው ፎስፌት የለም፤ ትራያዞል ነው ያለው። ባክቴሪያ ውስጥ ሲያስገቡት ባክቴሪያዋ አነበበችው።

ይህ ጂን መቀየር ነው? ጉዳትስ የለውም?

ጂን መቀየር አይደለም። ዓላማው የፊደላቱን ቅደም ተከተል መለወጥ ሳይሆን በቲ ቦታ ምትኳን አስቀምጦ ማየት ነው። ኢዲዩም ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ የምርምር መሣሪያ ነው።

"ሴሉ አያውቅም" ስል የቆየሁት ግን ልክ እስከተወሰነ ድረስ ነው። ኢዲዩ ሲበዛ ወይም ሲቆይ ሴሎች መከፈል ይቸግራቸዋል፣ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። በ2022 ደግሞ በዲኤንኤ ጥገና ጥናት ቀድሞ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት አዚዝ ሳንጃር ያሉበት ቡድን አንድ ነገር አሳየ። የአጥቢ እንስሳት ሴል ኢዲዩን እንደ ጉዳት ቆጥሮ ቆርጦ ያወጣዋል። በፀሐይ ጨረር የተበላሸ ዲኤንኤን በሚጠግንበት ዘዴ ማለት ነው። ስለዚህ በኢዲዩ ለሳምንታት የተከታተልኩት ሴል አልተረበሸም የሚል ጥናት ካነበባችሁ ጠርጠር ማድረግ ይበጃል። ለአንድ ሁለት ሰዓት ቅጽበታዊ ምስል ግን አሁንም ጥሩ መሣሪያ ነው። መርዝነቱ የቀነሰ ዘመድም ተሠርቶለታል፤ ስኳሩ ላይ ፍሎሪን የተጨመረበት።

በሁሉም ፍጥረት ላይ ይሠራል?

አይሠራም። ቅድም የጠቀስነው ታይሚዲን ካይኔዝ የሌለው ፍጥረት ኢዲዩን ቢሰጡትም አይጠቀምበትም። የዳቦ እርሾ የለውም። የወባ ተሕዋስም የለውም። ተሕዋሱ ቲን ከውጭ አይለቅምም፤ ከባዶ ራሱ ይሠራታል።

ይህ የሚያስቆጭ ነው፤ ምክንያቱም ወባ ያለበት ቀይ የደም ሴል ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነበር። የበሰለ ቀይ የደም ሴል የራሱ ኒውክለስ ስለሌለው የሚያበራው የተሕዋሱ ዲኤንኤ ብቻ ይሆን ነበር። መፍትሔው ኢንዛይሙን የሚያስገኘውን ጂን ከሌላ ፍጥረት አምጥቶ ተሕዋሱ ውስጥ ማስገባት ሆነ። እንዲህ የተዘጋጀው ፋልሲፓረም (አንዱ የወባ ተሕዋስ ዓይነት) የተቀየሩትን ፊደላት ይወስዳል። ፋልሲፓረም ደም ውስጥ ሲባዛ እንደ እኛ ሴል ለሁለት እየተከፈለ አይሄድም። በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ ኒውክለስ ያከማችና መጨረሻ ላይ ይበተናል። ኒውክለሶቹም ዲኤንኤያቸውን እኩል አይገለብጡም፤ አንዱ ሲጽፍ ጎረቤቱ ያርፋል። የቱ መቼ እንደሚጽፍ ለመለየት ተመራማሪዎች አሁን ይህንን የምልክት ዘዴ ይጠቀሙበታል።